ዝሆኔ፦ «የዘር» የሚባለው የአፈር በሽታ

በደጋው አገር ልጅ ለመዳር የተነሣ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላኩ ወይም ለሽማግሌ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሚያጣራው ነገር ብዙ ነው። ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ መሬቱና ከብቱ ይጠየቃል። ከዚያ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «በዘራቸው እግሩ ያበጠ አለ ወይ?» መልሱ «አለ» ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ልጅቷ አንዳች ሕመም ባይኖርባት እንኳ አያቷ ወይም አጎቷ ዝሆኔ ነበረበት መባሉ ይበቃል።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጠያቂዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት። በሽታው በእርግጥም ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይይዝና አጥር የሚጋራውን ቤት ጨርሶ ያልፈዋል። ዓይናቸው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ካዩት ተነሥተው የሰጡት ፍርድ ነው፤ ያ ፍርድ ደግሞ ሰውን የጎዳው ከእብጠቱ ባልተናነሰ ነው።

በአማርኛ «ዝሆኔ» የሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ክር በመሰለ ትል የሚመጣ ነው። ፊላሪያ ይባላል፤ ጋምቤላን በመሰሉ ሞቃት ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። ሁለተኛው፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ፣ ትልም ትንኝም ባክቴሪያም ቫይረስም የለበትም። በደጋና በወይና ደጋ ለዓመታት በባዶ እግር ከተረገጠ ቀይ አፈር የሚመጣ ነው። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተገጣጠመ ሲሆን «የእግር አቧራ» እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሐኪም በማዕድን ቆፋሪዎች ሳንባ ላይ የሚደርሰውን የድንጋይ አቧራ በሽታ እያሰበ ነበር፤ እዚያ አቧራው በአፍንጫ ይገባል፣ እዚህ በእግር ቆዳ።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታማሚ ጋር አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ጫማውን ማድረግ፣ እግሩን ማጠብ አያስይዝም። ይህን ደጋግሞ መናገር የሚያስፈልገው ዛሬም ከማኅበርና ከዕድር ራሳቸውን የሚያርቁ፣ ልጅ ሳሉ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር ከትምህርት ቤት የቀሩ ሰዎች ስላሉ ነው።

አፈር እንዴት እግር ያሳብጣል? ለዚህ በሥጋችን ውስጥ ስላለው የውሃ ማፋሰሻ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ውሃማ ፈሳሽ ከውስጡ እየወጣ ሥጋውን ያርሰዋል። ይህን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው ሊምፍ የሚባል የቧንቧ መረብ ነው። የሊምፍ ቧንቧዎች እንደ ደም ሥር ልብ አይገፋላቸውም። ከእግር ሽቅብ የሚወጣው ፈሳሽ የሚንቀሳቀሰው ቧንቧዎቹ ራሳቸው ሲኮማተሩና ስንራመድ የባት ጡንቻ ሲጨምቃቸው ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ማጣሪያዎች አሉ፤ እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠው ንፍፊት ከእነዚህ አንዱ ነው። ማሳው ላይ ቦይ ቀድዶ የሚያውቅ ገበሬ ይህን አሠራር ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ቦዩ ሲደፈን ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል።

በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ተረከዙ ይሰነጠቃል፣ በጣቶቹ መካከል ይላጣል፣ እሾህ ይወጋዋል። ቀይ የሸክላ አፈር ደግሞ በዓይን የማይታዩ እጅግ የደቀቁ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። ቅንጣቶቹ በቆዳው በኩል ይገባሉ። ባዕድ ነገር ሲገባ ውጠው የሚያጠፉት የሰውነት ጠባቂ ሴሎች እነዚህንም ይውጣሉ። ነገር ግን ድንጋይ ነውና ሊያሟሙት አይችሉም። የዋጡትን ይዘው የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ይቀራሉ፤ ቧንቧው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ እየጠበበ ሄዶ በጠባሳ ይደፈናል። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም። ልጅ ሆኖ ያለ ጫማ ከብት የጠበቀ ሰው እብጠቱን የሚያየው ብዙ ጊዜ በጉርምስናው ወይም በሃያዎቹ ዕድሜው ነው፤ ለዚህም ነው ማንም ሰው አፈሩን ያልጠረጠረው። ዛሬ የረገጥኸው ነገ ቢያሳብጥህ ታውቀው ነበር።

ይህን ያገናኘው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም እግራቸው ያበጠ፣ ነገር ግን የሥጋ ደዌም ፊላሪያም የሌለባቸው ሰዎች በብዛት ያጋጥሙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነገሩን መከታተል ጀመረ። በዚያ ዘመን ሕሙማንን ለመቁጠር የተመረጠው ዘዴ በጣም ቀላል ነበር፤ እኔም ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። በገበያ ቀን ገበያ ዳር ሆኖ የሰዉን እግር ማየት። ያገሩ ሰው ሁሉ በገበያ ቀን በአንድ ስፍራ ይገናኛል፤ እግር ደግሞ የሚሸሸግ ነገር አይደለም። ከ50 በላይ በሆኑ ገበያዎች ላይ በዚህ መንገድ ተቆጥሮ ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ ወጣ። አንዱ ገበያ ላይ ከመቶ ሰው አንድ አይሞላም፣ ሌላው ላይ ዘጠኝ ይደርሳል። ፕራይስ ይህን ልዩነት ከአፈሩ ጋር አስተያየው። ሕሙማኑ የበዙት ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ መበስበስ የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፣ ከፍታውና ዝናቡም ብዙ በሆነበት አገር ነበር። ከዚያም በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ንፍፊት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የአፈር ማዕድን ተገኘበት፤ ሲሊከንና አሉሚኒየም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ተፈጠረ። ቅንጣቶቹ ባላበጠ እግር ላይም ተገኙ። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት አፈር እያስገቡ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ሰማንያ ዓመቱን በደህና እግር ይሞላል። ታዲያ ዘር የሚያጣሩት ቤተሰቦች ጥያቄ ትክክል ነበር ማለት ነው?

ግማሹ ትክክል ነበር። በወላይታ የተደረገ የቤተሰብ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የወላይታ ሕሙማንንና ጤነኞችን የዘር ቅንጣት አነጻጽረው ልዩነቱን አገኙት። ልዩነቱ የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን ከራሱ ለይቶ የሚያውቅበትን ሥርዓት በሚመሩት ጂኖች አካባቢ ነው። ይህ ማለት አንዳንድ ሰው የገባበትን የአፈር ቅንጣት ሰውነቱ ችላ ይለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አምርሮ ይዋጋዋል፣ በውጊያው የሚጎዳውም የራሱ ቧንቧ ነው። የሚወረሰው ይህ ቁጡነት ብቻ ነው፤ እብጠቱ አይወረስም። ቁጡ የሆነው ሰውነት አፈር ካልገባበት የሚቆጣበት ነገር የለውም። ከእግረ እብጥ ቤተሰብ የተወለደች፣ ከሕፃንነቷ ጫማ አድርጋ ያደገች ልጅ በዚህ በሽታ አትያዝም። ለእነዚያ ጠያቂ ቤተሰቦች የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፦ ዘሯን ከምትጠይቁ ጫማዋን ጠይቁ።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ ከ1,300 በላይ መንደሮች ውስጥ ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች ታይተው፣ ከበደ ደሪቤና የሥራ ባልደረቦቹ የበሽታውን ካርታ ሠሩ። በካርታው መሠረት 345 ወረዳዎች በሽታው ያለባቸው ሲሆኑ የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተገምቷል። በዓለም ላይ ይህን ያህል ሕሙማን ያሉበት ሌላ አገር አይታወቅም። ለበሽታው ተጋላጭ በሆነ ስፍራ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ወደ 35 ሚሊዮን ይጠጋል። ካሜሩን፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ሌሎችም የእሳተ ገሞራ ደጋ ያላቸው አገሮች በሽታው አለባቸው። እንዲህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ችላ ከተባሉትም መካከል ችላ ተብሎ ነበር ማለት ነው። አይገድልም፤ አይዛመትም፤ የሚይዘው ጫማ የሌለውን ገበሬ ነው። ጋዜጣ ላይ የሚያወጣው አንድም ምክንያት አልነበረውም።

ባይገድልም የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት በያኔው የወላይታ ዞን በተሠራ ስሌት በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሳጣ ነበር፤ ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በከንቱ ያልፋል። ይህን ሥራ ፈትነት የሚያመጣው የእግሩ ክብደት ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። ዋናው ምክንያት ድንገት የሚነሣው ሕመም ነው። የሊምፍ መስመሩ የተዘጋ እግር የራሱን ጠባቂዎች አጥቷል። ትንሽ ቁስል፣ በጣት መካከል ያለ ትንሽ መላጥ በቂ ነው፤ ጀርም ይገባል፣ እግሩ በአንድ ሌሊት ይግላል፣ ብሽሽት ያብጣል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውየው ለቀናት አልጋ ላይ ይወድቃል። «የእግር እሳት» የሚለው አነጋገር ለዚህ ሕመም ሲሆን ምሳሌነቱ ይቀራል። በገጠር እንዲህ ድንገት የሚጥል ትኩሳት «ምች» ሊባልና በዳማከሴ ሊታለፍ ይችላል። ግን እያንዳንዱ ግርሻ ያለውን ጠባሳ ላይ ሌላ ይጨምርበታል፤ እግሩም ሲሻለው ከበፊቱ ትንሽ ወፍሮ ይቀራል።

ግርሻው ስንት ጊዜ ይመጣል? በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች ለአንድ ዓመት ተከታታይ ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ የእግር እንክብካቤ ትምህርትና ዕቃ ወዲያውኑ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ሳይሰጣቸው የቆዩት በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ገደማ ታመሙ። በወር ሁለት ጊዜ ማለት ነው። እንክብካቤውን ያገኙት ወደ 19 ወረደላቸው። ቁጥሩን አይቶ «ይህ ብቻ?» የሚል ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ተአምር አይደለም። ነገር ግን በእርሻ ወቅት አንድ ሳምንት አልጋ ላይ የማይውል ሰው ምን እንደሚያተርፍ ገበሬ ያውቀዋል፤ ይህ የተገኘውም በሳሙና፣ በውሃ፣ በቅባትና በጫማ ነው።

እንክብካቤው ምንድን ነው? እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ የጣቶችን መካከልና የቆዳውን እጥፋት ሁሉ ሳይዘሉ። ቀጥሎ በጣም በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፤ መጠኑን የጤና ባለሙያ ያሳያል፣ በግምት የሚደረግ አይደለም። ከዚያ ውሃውን እየነካኩ ማድረቅ፣ በተለይ በጣቶች መካከል፤ ማሸት ግን ቆዳ ይልጣል። ሲደርቅ ቫዝሊን መቀባት፤ ዓላማው ቆዳው ዳግም እንዳይሰነጠቅና አጥሩ እንዲጠገን ነው። ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ከበድ ላለ እብጠት ባለሙያ ያስተማረው ፋሻ መጠቅለል። ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ። ግርሻ ሲነሣ ግን መራመድና መጠቅለል ይቆማል፤ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ የሕመም ማስታገሻ መውሰድ፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ መሄድ። መብጣትና መተኮስ የሚሉት የቆየ ልማድ ሁሉ አደጋ ነው፤ ለጀርም ያልነበረ በር ይከፍታል።

ገና ሲጀምር የተያዘ እብጠት ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ የሚሰማው የመርገጫውና የጣቶቹ ማሳከክና ማቃጠል ነው። ከዚያ ማታ ያበጠው ጠዋት ጎድሎ ይገኛል፤ ሌሊቱን እግሩ ከልብ እኩል ስለሚተኛ ፈሳሹ መንገድ ያገኛል። ይህ ምልክት ያለበት ሰው ጊዜ አለው። እየቆየ ሲሄድ እብጠቱ ይደድራል፣ ጣቶቹ ግንድ ይመስላሉ፣ ቆዳው ላይም የድንጋይ ሽበት የመሰለ ሻካራ ነገር ይወጣል፤ ያኔ ማቃለል እንጂ ማጥፋት አስቸጋሪ ይሆናል። ከፊላሪያው የሚለይበትም አለው። ይሄኛው ከመርገጫ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከጉልበት አያልፍም፤ መጠኑ ቢለያይም ሁለቱንም እግር ይነካል። ከሥጋ ደዌ የሚለየው ደግሞ ጣቶቹ ሲነኩ መሰማታቸው ነው።

ወደ ጫማው እንምጣ። «ጫማ አድርጉ» ማለት ከተማ ለተቀመጠ ሰው የምክር ሁሉ ቀላሉ ነው። ገጠር ግን ጫማ የእግር መከላከያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የክብር ልብስ ነው። ጫማውን በእጁ ወይም በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ሦስት ሰዓት በባዶ እግር ተጉዞ፣ ገበያው አፋፍ ሲደርስ እግሩን አራግፎ የሚጫማን ሰው ያላየ የለም። በሽታው የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። አስፋልቱ ላይ ጫማ ቢያወልቅ ምንም አይሆንም፤ ማሳውና መንገዱ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ማሳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በክረምት የጨቀየ መሬት ጫማን ከነእግር ይይዛል፣ ከበሬ ኋላ የሚሄድ ሰው በባዶ እግሩ ይቀለዋል። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ እሾህ ይከለክላል እንጂ ጭቃ አይከለክልም፤ ጣቶቹ ተጋልጠው ነው የሚውሉት። ሽፍኑ የላስቲክ ጫማ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ውስጡ አፈር ተጠራቅሞ ሳይታጠብ ከዋለ አፈሩን እግር ላይ አሽጎ መዋል ነው። ልጆች ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ ጫማ የሚደርሳቸው መጨረሻ ነው፤ እግራቸው ስለሚያድግ ብክነት ይመስላል። አፈሩ መግባት የሚጀምረው ግን በእነሱ ዕድሜ ነው። ወለሉ አፈር የሆነ ቤትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጫማ ውጭ ወልቆ የሚረገጠው ያው ቀይ መሬት ነው።

ያበጠ እግር ደግሞ ከሱቅ ጫማ አያገኝም። በወላይታ ሶዶ ለዚህ በሽታ በተቋቋመው ማኅበር ውስጥ ልዩ ጫማ የሚሠሩት ከራሳቸው ከታማሚዎቹ መካከል ሙያውን የተማሩ ሰዎች ናቸው። እግሩ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይዞርና በልኩ ሰፊ ጫማ ይሠራለታል። ለዓመታት ጫማ ተከልክሎ ለኖረ እግር ይህ ከመድኃኒት አያንስም፤ እብጠቱን ከሰው ዓይን ሸሽጎ ገበያ ያስወጣዋል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ጫማ ይወልቃል፤ ይህ ብዙ ታማሚዎችን የሚያሳቅቅ ነገር ነው። ብዙዎቹ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ከጤና አንጻር ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ጫማ ማውለቅ ጉዳት የለውም። ካህናት ይህን በስብከታቸው መካከል ቢናገሩት ከጤና ቢሮ ፖስተር የበለጠ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

በሽታው በሌላም አገር ነበር። በካናሪ ደሴቶችና በሰሜን አፍሪካ ቀይ አፈር ላይ የሚኖሩ ሰዎች እግር እንዲሁ ያብጥ ነበር። ሕዝቡ ጫማ ለመደ፤ በሽታው ያለ አንዳች ክትባት፣ ያለ ዘመቻ ጠፋ። አፈሩ ዛሬም እዚያው አለ።

የእኛ ደጋ ግን ጫማ ከመልመዱ በፊት ሌላ ልማድ ነበረው። ከማሳ የመጣ አባት፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ማታ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ለብ ያለ ውሃ ይቀርብለታል፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ዝቅ ብሎ እግሩን እስከ ባቱ ያጥባል፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ጭቃ ፈልቅቆ ያወጣል፣ ካደረቀ በኋላ ቅቤ ይቀባዋል። ከሳሙናው በቀር ዛሬ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው። ልማዱ በብዙ ቤት ተትቷል፤ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ ርቋል፣ ልጆቹም ማታ ደብተራቸው ላይ ናቸው።